ባለ ደወሉ ማሽን

ላይል የጥይት መሙያ ማሽን እንግዛ ያለኝ ቁርስ ላይ ነው። እንቁላሉን ሳይነካ ሹካውን ያሽከረክራል፤ ዓይኑን ከመስኮቱ ውጭ ማሳው ላይ ተክሏል። ባሌ ነገር ሊያመጣ ሲል ሁልጊዜ ማሳ ያያል። በመጋቢት ደግሞ ማሳው ላይ ከበረዶ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«እኔ የምልሽ አርዲስ፣ ባለ ዙሩን ማሽን ብንገዛስ?»

«ምነው፣ ጦርነት ታወጀ እንዴ?»

«ትከሻዬን እያመመኝ ነው። ልጅቷም ውድድሩን አብዝታዋለች። በዚህ በአሮጌው እስከ መቼ አንድ አንድ እያልን እንሞላለን?»

«እስከ ዛሬ እንደሞላነው ነዋ!»

እንቁላሉን መብላት ጀመረ። ቀዝቅዟል፤ ይበለው።

ልጅቷ የሚላት የልጃችን ልጅ ብሪታ ናት። በሽጉጥ ተኩስ ውድድር ሞንታናን ከዳር እስከ ዳር ታካልላለች። ገና ሽጉጡ ከክንዷ የሚከብድ ልጅ ሳለች ጀምሮ የተኮሰችው ጥይት ሁሉ እኛ ምድር ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብለን የሞላነው ነው። የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም። ተለቅሞ ይታጠባል፤ ማሽን ውስጥ ገብቶ ቅርፁ ይስተካከላል፤ ከታቹ አዲስ መለኮሻ ይገጠምለታል፤ ባሩድ ይጨመርበታል፤ በመጨረሻ አረሩ አፉ ላይ ይጫናል። የእኛ አሮጌ ማሽን እጀታው አንዴ ሲወርድ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሠራው። ባለ ዙሩ ግን ቀለሆቹን በክብ ሳህን ዙሪያ በየማረፊያቸው ይደረድርና እጀታው በወረደ ቁጥር ሁሉንም ሥራ በአንድ ጊዜ ሠርቶ፣ ያለቀለትን ጥይት ሳጥን ውስጥ ጠብ ያደርጋል። መሀል ላይ ሰው የሚገባበት ቦታ የለውም። እኔ ደግሞ ቦታዬ መሀል ነው።

የእኔ ሥራ ማየት ነው። ላይል ባሩዱን ጨምሮ ቀለሆቹን በእንጨት ገበታ ላይ ይደረድራል። አረር ከመጫኑ በፊት ባትሪዬን አብርቼ ጎንበስ እላለሁ፤ ረድፍ በረድፍ ወደ ውስጥ አያለሁ። ባዶ ቀለህ ታቹ ያበራል፤ ባሩድ የገባበት ይጨልማል። ይኸው ነው ጥበቡ። አንድ ባዶ ካመለጠ፣ ሲተኮስ ጵፍ ይልና አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ተኳሹ ሳያውቅ ከኋላው ሌላ ከደገመ ሽጉጡ እጁ ላይ ይፈነዳል። ጣት የጎደለው ሰው በየተኩስ ሜዳው አይጠፋም።

በዚህም የተነሳ በእኛ አካባቢ አንድ ሕግ አለ፤ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይጥሰውም። ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አትተኩስም። ጎረቤትህ በአጨዳ ጊዜ ማጨጃውን ያውስሃል፤ ሚስትህ ብትታመም ሌሊት ተነስቶ በበረዶ ይነዳላታል። እሱ በእጁ የሞላውን ጥይት ሲሰጥህ ግን አመስግነህ ትቀበልና መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ቅር የሚለውም የለም። ከዚህ ሕግ ውጭ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። «አርዲስ አይታዋለች?» ይላሉ፤ «አይታዋለች» ከተባሉ ያጎርሳሉ። የላይልን ስም የሚያነሳ አልነበረም። እሱም ይስቅ ነበር፣ «እኔ የእሷ አህያ ነኝ፤ እሸከማለሁ እንጂ አላይም» እያለ።

በትዳራችን ያልተጣላንበት ነገር የለም። በመሬቱ፣ በእናቱ፣ በልጃችን አስተዳደግ ተጣልተናል። ምድር ቤት ስንወርድ ግን ጠብ የለም። ሁለት በርጩማ ጎን ለጎን፣ አንድ መብራት። ባሩድ ፊት ወሬ አይወራም፤ ቁጥር ያስታል። እሱ ገበታውን ወደ እኔ ገፋ ያደርግና «እይው» ይላል፤ እኔ አይቼ ስጨርስ «ሙሉ ነው» እላለሁ። ይኸው ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚህ ሰው ከዚያ የበለጠ የፍቅር ቃል ሰምቼ አላውቅም። እና ቁርስ ላይ ማሽን ሲለኝ ወዲያው ገባኝ፤ ሰውዬው በርጩማዬን ሊያነሳው ነው።

ቢሆንም አብሬው ሄድኩ። ሹመቱን ሲሽሩት ቤቱ የሚቀመጥ ሞኝ ነው።

የሜርል ሱቅ ከተማው መግቢያ ላይ ነው። ሜርል ጠመንጃም፣ ባሩድም፣ የዓሣ መንጠቆም ይሸጣል፤ በውድድር ቀን ደግሞ ሰዓት ይይዛል። ገና በሩን ስንከፍት ጮኸ።

«ኧረ አርዲስ! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?»

«በምሥራቅ ነው። አንተ ግን ሆድህ ከጠረጴዛው ቀድሞ ወጥቷል።»

«ሚስቴ ናት የምታበላኝ፤ ምን ላድርግ?»

«ሚስትህማ እንደ ሸንበቆ ቀጥናለች። የእሷንም ድርሻ አንተ ነሃ የምትውጠው!»

ሳቀ። ላይል ግን አልሳቀም። ቀጥ ብሎ ማሽኖቹ ወደ ተደረደሩበት ሄደ። ሜርል ለእያንዳንዱ ማሽን ጠረጴዛው ላይ ቦታ ሠርቶለታል፤ ደንበኛ መጥቶ እጀታውን ጎትቶ፣ ገፍቶ፣ እንደ ፈረስ ጥርስ መርምሮ እንዲገዛ።

«ይሄ ትልቁ በሞተር ነው የሚሠራው» አለ ሜርል። «አንተ ቢራህን ትጠጣለህ፣ እሱ ይሞላል።»

«እሱን ተወው» አለ ላይል። «በእጄ ያልሳብኩትን አላምንም።»

«እንግዲያው ሁለት ናቸው። ይሄ ባለ አራት ማረፊያ ነው። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ልጅም ይፈታዋል። ይሄኛው ባለ አምስት ነው። ተወደደ ትለኝ እንደሆነ አዎ ወደድ ይላል፤ ግን አምስተኛዋ ማረፊያ ላይ ይቺ ትገባለች።»

ከመስታወቱ ሥር አንዲት ጥቁር ሳጥን አወጣ። ከሳጥኗ ሥር እንደ ስክሪብቶ ያለ ዘንግ ወርዷል። ዘንጓ ቀለሁ ውስጥ ገብታ የባሩዱን ከፍታ ትለካለች፤ ከጎደለ ወይም ከበዛ ትጮኻለች። ሜርል በጣቱ ገፋት። ጢጢጢጥ! ሱቁን አናወጠችው። ገና ሳያት ጠላኋት።

«ምንድነው የምትሠራው?» አልኩ፣ ገብቶኝ።

«ታያለች» አለ ሜርል።

«ለማየትማ እኔ አለሁ።»

ቀልዴን ነበር፤ ግማሹን ቀልዴን። ማንም አልሳቀም። ሜርል ሳጥኗን ከአንድ እጁ ወደ ሌላ እጁ አዛወራት።

«ባለ አራቱን ውሰድ» አልኩት ላይልን። «እኔ በርጩማዬን በጎን በኩል አደርጋለሁ። ባሩዱ ከወረደ በኋላ አረሩ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ቆም ታደርገዋለህ፤ ጎንበስ ብዬ አይና ሙሉ ነው እልሃለሁ። ስንቱ ሰው እንደዚያ አይደል የሚሠራው? ለምን ለምትጮህ ሳጥን ገንዘብ እናወጣለን?»

ላይል ማሳ ፈለገ፤ ሱቅ ውስጥ ማሳ የለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የአጋዘን ጭንቅላት አገኘና እሱን ማየት ጀመረ። ሜርል ምስኪን ዝም ማለት ያልፈጠረበት ሰው ነው።

«እንዴ አርዲስ፣ ከመስከረሙ ነገር በኋላማ ደወሉ ባይቀር ነው የሚሻለው። የልጅቷ እጅ እኮ በፀጉር ነው ያመ...»

አፉን ያዘ። ካመለጠው በኋላ ነው እንጂ የያዘው።

«የመስከረሙ ምን?»

«ባለ አምስቱን ጫንልን» አለ ላይል። «ከነደወሏ።»

መኪና ውስጥ አልተናገርኩም። ከተማው ውስጥ አልጣላም፤ ሰው ያያል። የእህል ጎተራውን እስክናልፍ፣ መንገዱ ቀጥ እስኪል፣ ከግራም ከቀኝም የሚሰማ እስኪጠፋ ጠበቅሁ።

«መስከረም ላይ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ላይል ቶልፍሰን፣ መሪውን እነጥቅሃለሁ።»

ፍጥነቱን ቀነሰ። ይህ ሰው እውነት ሊናገር ሲል መኪና እንኳ ቀስ ይላል።

«ተቀረቀረ» አለ። «በብሪታ ሽጉጥ ውስጥ። በመኸሩ ውድድር፣ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ወጥ ስትሠሪ የቀረሽበት ቀን። በሰዓት ነው የምትተኩሰው፣ እየሮጠች፤ ጵፍ ሲል አልሰማችም። ልትደግም ነበር። ሜርል ቁሚ ብሎ ባይጮህ...»

አልጨረሰውም። እኔም እንዲጨርሰው አልፈለግሁም። የብሪታ እጅ ትንሽ ነው፤ የእናቷ እጅ ነው። ቀለበት ስትገዛ የልጆች ነው የሚሆናት።

«ባሩድ የምትጨምረው አንተ ነህ» አልኩ።

«እኔ ነኝ። ስቻለሁ። አልካድኩም።»

«እና?»

«እና አንቺ ሙሉ ነው ብለሻል።»

ነፋሱ በረዶውን አስፋልቱ ላይ ይጠርገዋል። ነጭ ነገር እየተንቀሳቀሰ ሳይ ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። እውነቱን ካወጣሁት አይቀር፣ ከመኸሩ በፊት ጀምሮ፣ ያን የበረዶ ክረምት ሁሉ፣ ዓይኔ ልክ እንዳልነበር አውቅ ነበር። ሰውን ትክ ብዬ ሳየው ጆሮውና ባርኔጣው ይታየኛል፣ ፊቱ ይጠፋብኛል። ዳሩ አለ፣ መሀሉ የለም። መነጽር ነው፣ ድካም ነው፣ የምድር ቤቱ መብራት ነው እል ነበር። ዓይን አያይም ልብ ካላየ ይባላል፤ እኔ ግን ልቤ እያየ ነው ያልነገርኩት። ግን ቀለሆቹ ላይ ምንም አልጠረጠርኩም። ለምን ብዬ? ሙሉ የሆነ ቀለህ ይጨልማል፤ ለእኔ ደግሞ ሁሉም ይጨልሙ ነበር። ከዚያ በፊት እንደዚያ ክረምት ጥሩ ሞልተን አናውቅም ብዬ ነበር የማስበው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«ማየት አቁሚ በላ! ያቺን ልጅ ልትገድያት ነበር በላ! አፍ የለህም?»

«ትሰበሪያለሽ ብዬ ነው።»

«እና ሜርል ሲነግረኝ አልሰበርም? ማን ማን ያውቃል?»

«ሜርል አይቷል።»

«ሜርል ካወቀ የሰፈሩ ላም ሁሉ ያውቃል።»

መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ይኸው መልሱ ነው። የገና ሰሞን ለተኩስ ክበቡ ሰው ሁሉ በየሳጥኑ ጥይት ሞልቼ፣ ሪባን አስሬ ሰጥቼ ነበር፤ በየዓመቱ እንደማደርገው። «ዓይንሽን ይባርከው አርዲስ» እያሉ፣ ባርኔጣቸውን እያነሱ ተቀበሉኝ። አንዳቸውም አልተኮሱትም ማለት ነው። ሕጉ እኔንም አገኘኝ፤ አመስግኖ መቀበል፣ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ባሌ ቢነግረኝ ኖሮ ቢያንስ ያን ሪባን ባላሰርኩ።

ብሪታም ታውቅ ነበር። በገና ከቦርሳዋ በፋብሪካ የተሞላ ጥይት ሲወጣ አይቻለሁ። «ሽልማት ነው አያቴ፣ በነፃ ነው የሰጡኝ» አለችኝ። በአስተናጋጅነት ከምታገኛት ላይ ቆጥባ ነበር የምትገዛው። እኔ ደግሞ ኮራችብን፣ የሽማግሌ ጥይት አሳፈራት ብዬ ተቀይሜ ሁለት ሳምንት አልደወልኩላትም።

ቤት ስንደርስ ካፖርቴን ሳላወልቅ ምድር ቤት ወረድኩ። አንድ ነገር መንገድ ላይ መጥቶብኝ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ለመዘምራን ልምምድ ስሄድ፣ አንድ ቀን ልምምዱ ቀርቶ ቶሎ ተመልሼ ከምድር ቤት ቀው፣ ቀው፣ ቀው የሚል ሰምቻለሁ። «በርጩማሽን እየጠገንኩ ነው» ብሎኝ ነበር ላይል፤ ደግሞም ደስ አለኝ፣ አሰበልኝ ብዬ። በርጩማው ዛሬም እንደተንጋደደ ነው።

የተሞላ ጥይት የሚፈታበት መዶሻ አለ። ጥይቱን መዶሻው ጭንቅላት ውስጥ ያስሩታል፣ ወለሉ ላይ ይመቱታል፣ ቀው ሲል አረሩ ይወልቃል፣ ባሩዱም ይፈስሳል። የተሳሳተ ጥይት የሚታረምበት ነው፤ በዓመት አንዴ ቢነሳ ነው። የእኛ ሁልጊዜ ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀመጥ ነበር። አሁን ጠረጴዛው ሥር፣ ለእጅ ቅርብ ሆኖ አገኘሁት። እጀታው በእጅ ብዛት ለስልሷል።

የአረሩን ጣሳ አወረድኩና እጄን ከተትኩ። አረር የምነካ እኔ አይደለሁም፤ የእኔ ነገር ባትሪና ዓይን ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው እስከዚያ ቀን ያልነካሁት። አዲስ አረር ወገቡ ልሙጥ ነው። አንዴ ታስሮ የወለቀ ግን በቀለሁ አፍ የተጨመቀበት መስመር ይቀርበታል። ዓይኔ ባያይ ጣቴ አገኘው። አንዱን አወጣሁ፣ መስመር አለበት። ሌላ አወጣሁ፣ አለበት። ከታች ድረስ ዛቅሁ፤ ሁሉም መስመር ነበረባቸው።

ያን ክረምት ከገናው ስጦታ በቀር የባሩዱ ጣሳ አልጎደለም ነበር። እንሞላለን፣ እንሞላለን፣ አያልቅም። «የሰራፕታዋ መበለት ማሰሮ ቤታችን ገባ» ብዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስቄበታለሁ፣ ለፓስተራችን ሚስት ሳይቀር። ለካ የምንሞላው እነዚያኑ ነው። እኔ ባትሪ ይዤ ሙሉ ነው፣ ሙሉ ነው እላለሁ፤ ረቡዕ ስወጣ እሱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሁሉንም ይፈታል፤ በሳምንቱ ያንኑ ባሩድ፣ ያንኑ አረር፣ ያንኑ ቀለህ ፊቴ ያቀርብልኛል። ትከሻዬን አመመኝ ያለው ከመዶሻው ነው።

ደረጃው ግርጌ ቆሞ ነበር። መዶሻውን አሳየሁት።

«ክረምቱን ሙሉ?»

«አዎ።»

«እና እኔ ምን ነበርኩ?»

ባርኔጣውን አወለቀ። መላጣው ላይ ላብ አለ።

«ደስ ይልሽ ነበር» አለኝ።

ከተናገረኝ ሁሉ ያቺ ናት ያልወጣችልኝ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። እናት ዳቦ ስትጋግር አላሠራ ላላት ልጇ ትንሽ ሊጥ ቆርሳ ትሰጠዋለች፤ ሲያድበለብል ይውላል፣ እጁ እስኪጠቁር፤ ማታ ሊጡ ይጣላል። ልጁ ግን ዳቦ ጋገርኩ ብሎ ይተኛል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሊጥ ተሰጠኝ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አልኩት። «አንተ ደግሞ ጭራሽ ከጅቡ ጋር ተማክረህ መጣህ።»

«አርዲስ፣ እኔ...»

«አትንካኝ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ምድር ቤት አልወረድኩም። ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ፤ ረዥም መንገድ ነው፣ ስንሄድም ስንመለስም ሬዲዮ ሰማን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። የዓይንሽ መሀል ነው ያረጀው አለኝ፤ ቢላዋም መነጽርም የማይመልሰው ዓይነት ነው፤ ዳሩ ይቆይልሻል። ላይል «መርፌ የለውም?» ብሎ ጠየቀ። ለዚህኛው የለውም አለ። ላይል ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ያን ዕለት ትንሽ አዘንኩለት፤ ትንሽ።

ማሽኑን በሚያዝያ ተከለው። አሮጌውን ማሽን ሲነቅል ብሎኖቹ ሲጮኹ ከማድ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ። ብሪታ ቅዳሜ መጣች። ድስት ሙሉ ድንችና ሥጋ አብስዬ ነበር፤ ማንም በወጉ አልበላም። ከምሳ በኋላ እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

«ነይ አያቴ። አንቺ ካልወረድሽ አልወርድም።»

«ምን ልሠራ?»

«ቁጭ በይልኝ። ዝም ብለሽ ቁጭ በይልኝ። ተቀይመሽኛል አይደል? እንዳትነግሪያት ያለኝ አባባ ላይል ነው።»

«አንቺስ አፍ የለሽም?»

«ፈራሁሽ» አለች፤ እውነቷን ነው። እኔን የማይፈራ የለም፤ ለዚህም ነው ሁሉም የዋሸኝ።

ወረድኩ። ማሽኑ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ሌላ ቦታ አይሆንም፤ ጠረጴዛው እዚያ ጋ ነው የሚጠነክረው፤ እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምተክለው። በርጩማዬን ላይል ጎን አድርጎታል፣ እግሩን አስተካክሎታል፤ አሁን አይንጋደድም። ያለቀላቸውን ጥይቶች ከሳጥኑ እያወጣሽ ደርድሪ አለኝ። ይህን የአምስት ዓመት ልጅም ይሠራዋል። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጥሩ ማሽን ነው፤ ምን ይወጣለታል። እጀታው ይወርዳል፣ ሳህኑ ይዞራል፣ ጥይት ጠብ ይላል። ብሪታ ቀለህ ታቀብላለች፣ ላይል ይስባል። ሳጥኑ ሞላ፣ ሌላ ተደገመ። ሁለቱም ፊታቸው ፈታ ማለት ጀመረ። ሥራው አብሮ መሆን አለው፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ጢጢጢጥ!

የላይል እጅ ቀጥ አለ። ብሪታ ክንዷን ሰበሰበች። ላይል ቀለሁን ከሳህኑ አወጣው፤ ከዚያ ሳያስበው፣ እጁ ነው እንጂ እሱ አይደለም፣ ወደ እኔ አዘነበለው።

«እይው» አለኝ።

ወዲያው ምን እንዳለ ገባው። ግን መመለስ አልቻለም፤ እኔም መመለስ አልቻልኩም። ባትሪዬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም። አበራሁና ጎንበስ አልኩ። የቀለሁ አፍ ዳርዳሩ ያበራል፣ እንደ ቀለበት። መሀሉ ጨለማ ነው።

ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች። ሙሉ ነው ብል ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ላይል እሺ ይላል፣ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል፤ ረቡዕ ስወጣ ቀው ይላል። በርጩማዬ አይነሳም፤ እስክሞት ድረስ እይው እባላለሁ፣ ሙሉ ነው እላለሁ። ሁለቱም ፊቴን እያዩ ነበር። የሁለቱም ፊት አይታየኝም፤ ግን የብሪታ እጅ ከዓይኔ ዳር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ አምስቱም ጣት አለ።

«አይታየኝም» አልኩ። «ለልጅቷ ስጣት።»

ባትሪውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ጎንበስ አለች፤ አንገቷ የእኔን አንገት ይመስላል ይላሉ።

«ባዶ ነው፣ አያቴ» አለች።

ከበርጩማው ተነሳሁ፤ የሚይዘኝ የለም። ደረጃውን ግድግዳውን ተደግፌ ወጣሁ። መሀል ላይ ስደርስ ከታች ዝም አለ፤ ቆምኩ፤ ይጠሩኝ እንደሆነ ብዬ። ጥቂት ጠበቅሁ። ከዚያ እጀታው ወረደ፣ ሳህኑ ዞረ፣ አንድ ጥይት ሳጥኑ ውስጥ ጠብ አለ፤ ወዲያው ሌላ ተከተለ።